ለማናዬ ያስመጣሁት ወንበር

ብቸና፣ ሰኞ ሐምሌ ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.
ይህን በምጽፍበት ዕለት ዕድሜዬ ሰባ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከሰባት ቀን ነው።

ውድ ልጄ ማናዬ፣

ዕድሜዬን እስከ ቀኑ ድረስ ቆጥሬ የጻፍሁልህ ሽምግልናዬን ለማሳየት አይደለም። እዚህ ዕድሜ የደረሰ ሰው አንዱን ስሕተት ሁለት ጊዜ ደግሞ ከሠራው፣ ለማረም የቀረው ጊዜ ብዙ አለመሆኑን እንድታስብልኝ ብዬ ነው። ለእናትህ ለወይዘሮ ይርጋነሽ አክብሮቴን አድርስልኝ። መርጡለ ማርያም ዘንድሮ ዝናሙ እንዴት ነው? እዚህ ብቸና የቅርጫት ኳስ ሜዳችን ረግረግ ሆኖ፣ ከቅርጫቱ ምሰሶ ሥር እንቁራሪት ይጮኻል። ትናንት ከቅዳሴ ስመለስ ቆሜ አየሁት። ያለ እናንተ የማንም ማሳ ይመስላል።

ሰላምታዬ የረዘመው ፈርቼ ነው፤ እንግዲህ ነገሩን ልናገር። ሰኔ ፳፯ ቀን፣ በመድኃኔ ዓለም ዕለት፣ ሽልማትህን ሳትቀበል ከሜዳው ወጥተህ ሄድህ። በማግሥቱም ወደ ሌላ ጤና ጣቢያ እንድትዛወር የሚጠይቅ ማመልከቻ አስገብተህ፣ የዓመት ፈቃድህን ይዘህ ወደ እናትህ ቤት መሄድህን ሰማሁ። የጤና ጣቢያው ጸሐፊ ማመልከቻህ ሐምሌ ፴ ቀን ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ እንደሚላክ፣ እስከዚያ ግን በመሳቢያው ውስጥ እንደሚቆይ ነግሮኛል። የቀረን ዐሥራ አንድ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። በዚያ ቀን ሊዘብቱብህ ያመጡት የመሰለህን ወንበር ያስመጣሁት እኔ ነኝ።

አምበላችሁ ኃይለ ጊዮርጊስ አይደለም። እርሱን እንደ ጠረጠርኸው ዐውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ሰላምታውን ሳትመልስ ማለፍህን ራሱ ነግሮኛል። የወንበሩን ባለቤት ያውቅ ነበርና፣ «ለምን እውነቱን አልነገርኸውም?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሽማግሌ አይከሰስም ብዬ ነዋ» አለኝ። የእኔን ጥፋት ተሸክሞ ከረመ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ሸክሙ ወደ ባለቤቱ ተመልሷል።

እንዴት እዚህ ስሕተት ላይ እንደ ወደቅሁ ለማስረዳት ወደ መጀመሪያው ቀን ልመልስህ። ኅዳር ፲፱፻፷፪ ነበር። ከአምበር የመጡ መምህራን ከብቸና ቡድን ጋር በቅርጫት ኳስ ሊገጥሙ ነው ተባለ። እኔ የሄድሁት ኳሱን ለማየት ሳይሆን ቅርጫቱን ለማየት ነው፤ ታች የሌለው ቅርጫት ነው ብለውኝ ነበርና። ዕድሜዬን ሙሉ ታች በሌለው ዕቃ ነገር ሲከተት አላየሁም። አሠልጣኛችሁን መምህር ሣህለ ማርያምን፣ «ምነው ልጄ፣ ታቹን ረስታችሁት ነው?» ብዬ ጠየቅሁት።

«መሪጌታ፣ ታች ቢኖረውማ በየጊዜው ማን እየወጣ ያወርድልናል?» አለኝ።

መልሱ አጥጋቢ ሆኖ አገኘሁትና ቆሜ መመልከት ጀመርሁ። ከዚያ አንተን አየሁ።

ዐሥር ሰዎች ጉልበታቸውን ገልጠው፣ በላብ ተጠምቀው ይሮጣሉ። ከመቶ የሚበልጥ ሕዝብ ዙሪያውን ቆሟል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ብቻ ደህና ካፖርት ለብሶ፣ በሜዳው በነበረችው በአንዲት ወንበር ተቀምጧል። በዚያ ሳምንት አዲስ ዳኛ ከደብረ ማርቆስ ይመጣል የሚል ወሬ ነበር። አንተ ደግሞ ለጤና ጣቢያችን ድሬሰር ሆነህ ከመጣህ ገና ሁለት ሳምንትህ ነበርና አላውቅህም። እኔ ባደግሁበት ሥርዓት የሚቀመጥ ሰው ማን እንደ ሆነ አይጠየቅም። መምህር ይቀመጣል፣ ተማሪ ይቆማል። ዳኛ ይቀመጣል፣ ባለጉዳይ ይቆማል። ጌታ ይቀመጣል፣ ሎሌ ይሮጣል። እንግዲህ የሚሮጡት ሁሉ ያንተ ሰዎች ናቸው ብዬ፣ ጃንጥላዬን አጥፌ፣ ጋቢዬን ከትከሻዬ ዝቅ አድርጌ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

«እንደምን ዋሉ ጌታዬ። አገራችን ተስማማዎት?»

አንተ እሳት እንደ ነካው ሰው ብድግ ብለህ፣ «ኖር» አልህ።

«በእግዜር፣ በእግዜር። ይቀመጡ።»

«አባቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ እንጂ።»

«ጌታዬ ቆመው እኔ ልቀመጥ? ይህስ አይሆንም።»

ስንገባበዝ ጨዋታው ቆመ። ሕዝቡ ከኳሱ ወደ እኛ ዞረ። ያ ጓዴ የሚባለው ልብስ ሰፊ፣ አፉ ከመቀሱ የሚፈጥነው፣ «ጌታው ይቀመጡ፤ መሮጡን እኛ እንሮጥልዎታለን» አለ። ኃይለ ጊዮርጊስም ከሜዳው መካከል ኳሷን በክንዱ ሥር ይዞ፣ «መሪጌታ፣ ጌታው እርሱ አይደለም፣ ካፖርቱ ነው። ካፖርቱም የኔ ነው፤ አፈር እንዳይነካው ልበስልኝ ብዬው ነው» ብሎ ጮኸ።

ሳቁ እስከ ገበያው ተሰማ ይባላል። አንተ ግን አልሳቅህም፣ አልተቆጣህምም። ክንዴን ይዘህ በወንበሯ ላይ አስቀመጥኸኝና አንተ አጠገቤ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጥህ። «አይዞዎት መሪጌታ፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን አልገባኝም ነበር» አልኸኝ። ያን ቀን የወደድሁህ ለዚህ ቃል ነው። ግን «ጌታው» የሚለው ስም በእኔ ጉንበሳ ተሰጥቶህ ቀረ። በየጨዋታው «ጌታው ይነሡ»፣ «ጌታው ውኃ ያቀብሉ» ሲሉህ እሰማ ነበር። እኔም አብሬ የፈገግሁበት ጊዜ አለ። ይህን መደበቅ አልችልም።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ አንድ ጨዋታ አይቻለሁ፤ ዐሥራ አንዱንም ካንተ ጎን ተቀምጬ ነው ያየሁት። ባለቤቴ ጥሩአየሁ፣ «በሰባ ዓመትዎ ኳስ መከተል ጀመሩ፤ አንቱ፣ ነገ ደግሞ ቁምጣ ይቆረጥልኝ እንዳይሉ» ስትል ታሾፍብኛለች። ስመለስ ግን ጓዴ ካወራላት አስቀድሞ ከእኔ መስማት ትፈልጋለች። «ማን አሸነፈ?» አትለኝም። «ማናዬ ገባ?» ነው የምትለው። ከዐሥራ አንዱ ሁለት ጊዜ ብቻ «ገባ» ብዬ ለመመለስ በቃሁ።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ጥያቄ ልግባ፤ ጥያቄው ከጥፋቴ ይልቅ እንቅልፍ ይነሣኛል። ተቀምጠህ ሳለ ምን ታደርግ ነበር? ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ፣ የቀኝ እጅህ ጣቶች በጉልበትህ ላይ አንድ በአንድ ሲነሡና ሲወርዱ አይ ነበር። ጸሎት መስሎኝ፣ የየጁቤ ሰዎች በመጡ ቀን ጆሮህ ድረስ ጠጋ ብዬ፣ «የማንን መልክ ነው የምትደግመው?» አልሁህ።

«ኧረ መልክ አይደለም መሪጌታ። ኳሷ የምትነጥርበትን ነው።»

«ነጥራስ?»

«የምታርፍበትን።»

ከዚያ ፊሽካ ተነፋና ውኃ ልታቀብል ሄድህ። ዛሬም ድረስ የተነገረኝ ይኸው ብቻ ነው። ጣቶችህ ምን ይቈጥሩ ነበር? የሰዉን ስም ነው ወይስ የእርምጃውን ብዛት? አንድ ሰው የኳስን መውደቂያ በጣቱ እንዴት ያስቀምጠዋል? እኔ በቃል የማስቀመጥን ጥበብ ተምሬያለሁ፤ ያንተ ጥበብ ግን ከየት በኩል እንደሚያዝ አላገኘሁትም።

ነገሩ እንዲህ የያዘኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ዲማ ቅኔ ስማር ሳለሁ፣ ከመምህሬ ወንበር ኋላ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። ረዳት ነበርሁ። ተማሪው ቅኔውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፤ እኔ እሰማለሁ። የማን ቅኔ የት ላይ እንደሚሰበር ገና አፉን ሳይከፍት ዐውቅ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም። አንድ ቀን መምህሬ ታመሙና «ገብረ ኪዳን፣ አንተ ስማቸው» አሉኝ። ያን ዕለት የሁሉንም ስብራት ስነግራቸው፣ ተማሪዎቹ «ይህ ሰው ይህን ሁሉ መቼ ተማረው?» ተባባሉ። እዚያው ከወንበሩ ኋላ ነበርሁ። መምህሬ ሲያርፉ ያ ወንበር ለእኔ ተሰጠ። እኔም አርባ ዓመት አስተማርሁበት። የሰኔ ፳፯ቱ ወንበር ይኸው ነው፤ ነገር ግን ቅደም ተከተሉን ልጠብቅ።

የጰራቅሊጦስ እሑድ፣ ግንቦት ፳፱ ቀን፣ ከሞጣ ጋር የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ልትጫወቱ በጭነት መኪና ስንሄድ፣ እኔን ከሾፌሩ አጠገብ አስቀመጣችሁኝ። አንተ ከኋላ የሁሉን ጓዝ ታቅፈህ ነበር። ደብረ ወርቅን ስናልፍ መኪናው ቆሞ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ «ማናዬ፣ አምና ያየኸውን የሞጣን ሜዳ ንገረን» ሲልህ ሰማሁ። አንተም አንድ ነገር ጀመርህ፣ «በግራ በኩል ያለችው…» ብለህ። ጓዴ ግን፣ «ጌታው አምና ያዩት ወንበሩን ነው፤ ወንበሩስ እንዴት ነበር፣ ይመች ነበር?» ብሎ ሳቁን አስነሣና ነገርህ ከመካከል ተቈረጠ። ያኔ ልትናገር የነበረው ኋላ በሜዳው ያሳየኸንን ነበር? እውነት ከሆነ፣ ሰው የሚያድነውን ነገር በልቡ ይዞ በሳቅ መካከል ዝም ማለት እንዴት ያለ ነገር ነው? ይህን እንደ ፈራጅ አልጠይቅህም። የማላውቀው ስለ ሆነ ነው።

በሞጣ የሆነውን አንተ ከውስጥ ሆነህ አይተኸዋል፤ እኔ ከውጭ ያየሁትን ልጻፍልህ። ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀር እነርሱ ሠላሳ አንድ፣ እኛ ሃያ ስምንት ነበርን። ኃይለ ጊዮርጊስ ቁርጭምጭሚቱ ዞረና ተቀመጠ። ሌላው ተጠባባቂ በወባ ተይዞ ብቸና ቀርቷል። መምህር ሣህለ ማርያም ዞር ዞር ብሎ ከአንተ በቀር ሰው አጣ። «ማናዬ፣ ተነሥ። ብቻ ኳሷን አታስነጥቅ» አለህ። እንደ ምርቃት አልነበረም አባባሉ። አንተ ካፖርቱን አውልቀህ በጉልበቴ ላይ አኖርህና፣ «መሪጌታ፣ ያዙልኝ፤ የሰው ነው» አልኸኝ። ከኋላችን የእኛው ሰዎች «ጌታው ተነሡ» አሉ።

ገብተህ የቆምህበትን ቦታ ሳይ አፈርሁልህ። ሁሉም ከቅርጫቱ ርቆ፣ ኳሷ ነጥራ በምትመጣበት ተሰልፏል። አንተ ብቻህን ቅርጫቱ ከተሰቀለበት ሳንቃ ሥር በግራ በኩል፣ ከዝናም እንደሚጠለል ሰው ተጠግተህ ቆምህ። «ይሄ ሰው ጥላ ፍለጋ ነው የገባ?» አለ አንድ የሞጣ ሰው። ከዚያ ከእኛ አንዱ ወረወረና ሳተ። ኳሷ የሳንቃውን ግራ መታች፤ አልነጠረችም። እንደ ደከማት ወፍ ቁልቁል ወርዳ ከእጅህ ገባች። ለጓደኛህ ሰጠኻት፤ አገባ። ጥቂት ቆይቶ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛም ጊዜ ተደገመ። ሦስቱንም ጊዜ ኳሷ አንተ ወዳለህበት መጣች እንጂ አንተ ወደ እርሷ አልሄድህም። ሦስቱንም ጊዜ ቅርጫቱ ከራስህ በላይ ሳለ አልወረወርህም፤ ሰጠህ። ለምን? አንተ ብታገባ ማን ይከለክልህ ነበር? ሠላሳ አራት ለሠላሳ ሦስት አሸነፍን፤ ከሠላሳ አራቱ አንዱም ባንተ ስም አልተጻፈም።

ሲያልቅ አንተ የሰውን ልብስ ልትሰበስብ ሄድህ። ስለዚህ ቀጥሎ የሆነውን አላየህም፤ ማንም አልነገረህም መሰለኝ። የሞጣው አምበል ወልደ ኪዳን፣ ያ ረጅሙ የሒሳብ መምህር፣ ወደ እኔ መጣ።

«አባቴ፣ ያ ልጅ በእኛ ሜዳ ስንት ጊዜ ተጫውቷል?»

«ተጫውቶ አያውቅም። አምና መጥቶ ነበር፤ ተቀምጦ ነው የተመለሰ።»

«ተቀምጦ?»

«ተቀምጦ።»

መቋሚያዬን ለመነኝ። በመቋሚያዬ የቅርጫቱን ሳንቃ ከቀኝ ጀምሮ ጣውላ በጣውላ እየነካ ሄደ። ዳር የነበረችው የግራዋ ጣውላ እንደ ላላ ጥርስ ነቀነቀች፤ ሚስማሯ ወልቋል። ወልደ ኪዳን ቁልቁል ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ «እናንተ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ የተጫወትንበት ሳንቃ ነው እኮ» አለ። አንዱ «ያው ሳንቃ ሳንቃ ነው ብለን ነዋ» አለው። ወልደ ኪዳን መቋሚያዬን በሁለት እጁ መለሰልኝና፣ «የብቸና ሰው ቁጭ ብሎ ቤታችንን ዐወቀው፤ እኛ እየሮጥን ሳናውቀው» አለ። ቁጭት ነበረበት፤ ግን ከቁጭቱ አክብሮቱ ይበልጥ ነበር።

ማናዬ ሆይ፣ ሽልማቱን ያሰበው ይህ ሰው ነው። ያንተ ጓደኞች አይደሉም፣ እኔም አይደለሁም። የሁለቱ አውራጃ የስፖርት ኮሚቴ እንደ ሽማግሌ ቆጥሮ አስገብቶኝ ነበርና፣ ከሞጣ የመጣውን ደብዳቤ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ዋንጫው ለብቸና ይሁን፣ ነገር ግን ለተጠባባቂዎች አንድ ሽልማት ይቁም፣ የመጀመሪያውም ለማናዬ ይሰጥ ይላል። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ስፈታው ያቺው ጣውላ ናት። ነቅለው፣ አለስልሰው፣ በጋለ ብረት እንዲህ ብለው ጽፈውባታል፦ «ተቀምጦ ላየብን። ከሞጣ ቡድን።»

ቤቴ ይዣት ሄጄ ሳነባት ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከዚያም የሽማግሌ ደስታ መጠን አያውቅምና፣ እኔ ደግሞ ከራሴ አንድ ክብር ልጨምርለት አልሁ። ምን ልጨምር? በእኔ ትምህርት ከወንበር የሚበልጥ ክብር የለም። የመምህሬን ወንበር አስወጥቼ፣ እርሱ ይቀመጥ፣ የአውራጃው ሹማምንት ሳይቀሩ እኛ ሁላችን በዙሪያው እንቁም፣ ሽልማቱንም ቆመን እንስጠው ብዬ ወሰንሁ። ማንንም አላማከርሁም። ጥሩአየሁ ብቻ ወንበሩ በትምህርት ቤቱ ዘበኛ ትከሻ ላይ ከበር ሲወጣ አይታ፣ «ለማናዬ ነው? ልጁ መቀመጥ ሰልችቶት ይሆናል እኮ፤ ጠይቀውታል?» አለችኝ። አልጠየቅሁህም። ለሃያ ወር ሁሉን ነገር ስጠይቅህ ከርሜ፣ መጠየቅ የነበረብኝን አንዱን ሳልጠይቅ ቀረሁ።

የሆነውን ታውቀዋለህ። ስምህ ሲጠራ ዘበኛው ወንበሩን አምጥቶ ከፊትህ አቆመው። ጓዴም «ጌታው፣ ወንበርዎ ከተፍ ብሏል» አለ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። እኔ በጨርቅ የተሸፈነችውን ጣውላ ታቅፌ ከመድረኩ ላይ ቆሜ፣ ሳቁ የደስታ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ። አንተ ወንበሩን አየህ፤ ከዚያ ኃይለ ጊዮርጊስን አየህ። «ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብዬ ከርሜያለሁ፤ ዛሬ እንኳ ብቆም ምን አለ?» አልህ። ድምፅህ ዝቅ ያለ ነበር፤ እኔ ግን ቅርብ ነበርሁና ሰማሁት። ባርኔጣህን አድርገህ ስትሄድ ጣውላዋ ገና ከጨርቋ አልወጣችም ነበር።

ላንተ ክብር ብዬ የሰጠሁህ ነገር ሁለቱንም ጊዜ ከወንበር የመጣ ነው፤ ሁለቱንም ጊዜ ያሳቀብህ እርሱ ነው። ለእኔ መቀመጥ ማዕረግ ነበር። ላንተ ግን መቀመጥ ሥራ ነበር፤ ያውም ማንም ሥራ ብሎ ያልጠራልህ። ይህን ልዩነት ለማየት ሃያ ወር አጠገብህ መቀመጥ አልበቃኝም። አንተ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጠህ የሞጣን ሳንቃ ዐወቅኸው። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።

የምለምንህ ብዙ አይደለም። ማመልከቻህ የመርጡለ ማርያምን አየር፣ የእናትህን ጉልበት መድከም፣ ወይም ሌላ ያንተን ምክንያት የያዘ ከሆነ ይላክ፤ እኔም እመርቅሃለሁ። ምክንያቱ ግን የእኔ ወንበር ከሆነ ከሐምሌ ፴ በፊት አንድ ቃል ላክ፤ ጸሐፊው ከመሳቢያው አውጥቶ ይሰጠኛል፣ ቃሉን ተቀብያለሁ። ኃይለ ጊዮርጊስም ከመስቀል በኋላ ሞጣዎች ወደ ብቸና ሲመጡ ካፖርቱን ለማንም አላስይዝም፣ መሬት ይንካው ብሏል። መምህር ሣህለ ማርያም ደግሞ፣ «የእኛስ ሳንቃ የላላ ጣውላ ይኖረው ይሆን? የሚነግረኝ ማናዬ ብቻ ነው» ሲል ሰምቼዋለሁ። የዘገየ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄ መሆኑ ግን አይቀርም።

ጣውላዋን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አልላክኋትም። በቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅያታለሁ። ጥሩአየሁ አቧራዋን በየጠዋቱ ትጠርጋለች፤ «ባለቤቷ መጥቶ ካልወሰዳት የዶሮ ቆጥ አደርጋታለሁ» ትላለች፤ አታደርገውም። እኔም የሚመጣ እንግዳ ሁሉ «ይህች ምንድን ናት?» እስኪለኝ እጠብቃለሁ። ሲጠይቀኝ ካንተ ጀምሬ እነግረዋለሁ። የጣቶችህ ነገር ላይ ስደርስ ግን ትረካዬ ይቆማል። ምን ይቈጥሩ እንደ ነበር አላውቅምና። ይህንንም መጥተህ ካልነገርኸኝ ጎዶሎ ሆኜ ነው የማልፈው።

ከመጣህም እንዲህ ይሆናል። እኔ በዚያው ወንበር ላይ እሆናለሁ፤ ጉልበቴ ሌላውን አይችልም። አንተ ደጃፉን አልፈህ ስትገባ እነሣለሁ። ከሃያ ወር በፊት ሳላውቅህ አጎነበስሁልህ፤ አሁን ዐውቄህ ልነሣልህ። «ኖር» እልሃለሁ። አንተም እንደ ወጉ «በእግዜር» በለኝና፣ ሁለታችንም እንደ ቆምን ጣውላህን ከእጄ ተቀበለኝ።

መልስህን የሚጠብቅ፣ ከጎንህ ይቀመጥ የነበረው፣
መሪጌታ ገብረ ኪዳን
ብቸና

በፖስታው ጀርባ የተጻፈ፦ ይህን ደብዳቤ በጧፍ ሰም አሽጌ፣ ዛሬ ከቅዱስ ገብርኤል ቅዳሴ በኋላ፣ ወደ መርጡለ ማርያም በበቅሎ ለሚሄዱት ለቄስ ገብረ ክርስቶስ በእጃቸው ሰጥቼ ልኬዋለሁ።